የቤት ውስጥ ግድያ፦ ቅሬ (እድር) ድንኳን ከመትከሉ በፊትና በኋላ ምን ያድርግ? (ደሴ፣ ሮቢት)

የቅሬ ዳኛ ሮቢት
ሰላም ለሁላችሁ። የቅሬያችንን መተዳደሪያ ደንብ እያሻሻልን ነው። አባል ታሞ ሲሞት፣ በመኪና ሲሞት፣ ውጭ አገር ሲሞት ምን እንደሚደረግ ደንቡ በዝርዝር ይናገራል። ሚስት በባሏ እጅ ስትሞት ግን አንድም ቃል የለውም። ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ሳትሞት በፊት ቅሬ እንደ ቅሬ ምን ማድረግ ይችላል? ከሞተች በኋላስ ለልጆቿና ለወላጆቿ መቼ ምን መደረግ አለበት? ደንብ ላይ የሚሰፍር ነገር ነው የምፈልገው፤ «ተፋቀሩ» የሚለውን እኛም እናውቀዋለን። ሐኪምም ጠበቃም እዚህ እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው የመጣሁት።

ምላሽ 1 | ሲስተር ሆጤ
ጋሼ፣ በጊዜው ነው ያነሱት። የቤት ጠብ ሁሉ ወደ ሞት አይሄድም፤ የሚሄደው ግን ምልክት አለው፣ ምልክቱንም ከሐኪም ይልቅ ጎረቤት ቀድሞ ያያል። ጃክሊን ካምቤል የምትባል አሜሪካዊት ነርስ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያዘጋጀችው የአደጋ መመዘኛ አለ፤ ዛሬ 20 ጥያቄዎች አሉት። ሁሉንም እዚህ አልዘረዝርም፤ ለእኛ ሰፈር የሚሆኑትን ብቻ ልጥቀስ።

ከሁሉ በላይ የምፈራው አንገት ነው። በአሜሪካ ከተሞች የተደረገ ጥናት፣ ከዚህ በፊት በባሏ ወይም በፍቅረኛዋ አንገቷ የታነቀ ሴት በኋላ የመገደል ዕድሏ ካልታነቀችው ከ7 እጥፍ በላይ እንደሆነ አሳይቷል። በጥፊ የተመታችና አንገቷን የተያዘች ሴት አንድ ዓይነት «ድብደባ» ተብለው አይመዝገቡ። ቀጥሎ የምጠይቀው ቤት ውስጥ መሣሪያ አለ ወይ ነው። በ2014ቱ ጦርነት ደሴም ኮምቦልቻም ያለፉበትን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ከዚያ ወዲህ ጠብመንጃ በየቁም ሣጥኑ አለ። ከዚያ «እገድልሻለሁ» ብሎ ዝቷል ወይ? «ከተለየሽኝ ራሴን አጠፋለሁ» ብሏል ወይ? (ይሄኛው ሰው ያዝንለታል እንጂ አይፈራውም፤ መፈራት ግን አለበት፣ ገድሎ ራሱን የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ ቀድሞ እንዲህ ይላል።) ነፍሰ ጡር ሆና መትቷታል? የት ዋልሽ፣ ማን ደወለልሽ እያለ እግር በእግር ይከታተላል? ቤት ውስጥ ከሌላ የወለደችው ልጅ አለ? ሥራ ፈትቷል?

የመጨረሻው ዋና ነገር ጊዜው ነው። በጣም አደገኛው ወቅት አብራው እያለች የምትደበደብበት አይደለም፤ ልትወጣ ስትል፣ ወጥታም የመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ናቸው። «ወጣች፣ ተገላገለች» ብሎ ጎረቤት የሚተኛው በዚያው ሰሞን ነው።

አንገቷ የተያዘችን ሴት በተመለከተ፦ ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ውጭው ቆዳ ላይ ምንም አይታይም። ድምፅዋ ከጎረነነ፣ ምራቅ መዋጥ ካመማት፣ ዓይኗ ነጩ ላይ፣ ከጆሮዋ ጀርባ ወይም ከንፈሯ ውስጥ ቀያይ ነጠብጣብ ካለ፣ ሽንት ካመለጣት፣ ወይም «ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም» ካለች በዚያው ቀን ሆስፒታል ትሂድ። ራስን ለመሳት ከ5 እስከ 15 ሰከንድ ይበቃል። የአንገት ደም ሥር ውስጡ ከተሰነጠቀ ደም ረግቶ ከቀናት በኋላ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል፤ ስለዚህ በ3ኛው ወይም በ7ኛው ቀን አፏ ቢጣመም፣ አንድ እጇ ቢዝል፣ አንገቷ ክፉኛ ቢያማት «ነርቭ መትቷት ነው» ብላችሁ ጠበል ወይም ወዳጃ (የዱዓ ስብስብ) ከመውሰዳችሁ በፊት ሆስፒታል አምጧት። ጸሎቱ ይደርሳል።

ስትጠይቋትም ብቻዋን። ባል፣ አማት፣ ነፍስ ያወቀ ልጅ ባለበት ማንም እውነት አትናገርም። «ያንቅሻል?» ስትባል «ኧረ እስከዚያስ አይደርስም» ትላለች፤ «እጁን፣ ነጠላ ወይም ሻርፕ አንገትሽ ላይ አድርጎ ትንፋሽ አጥሮሽ ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ምላሽ 2 | ጠበቃ ከአራዳ
ሲስተር ያነሳችውን በሕግ በኩል ልቀጥል። አገራችን ለቤት ውስጥ ጥቃት ብቻ የወጣ ራሱን የቻለ ሕግ የላትም። በፊልም እንደምታዩት «እዚህ ቤት 100 ሜትር እንዳትደርስ» የሚል ትእዛዝ ከጣቢያ አይሰጣችሁም። ያለንን ግን በደንብ አንጠቀምበትም።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 ትዳር ጓደኛንም፣ ያለ ጋብቻ አብሮ የሚኖርንም ሰው መጉዳት ስለ አካል ጉዳት በሚናገሩት በአንቀጽ 555 እና ተከታዮቹ እንደሚያስቀጣ በግልጽ ይናገራል። «የቤታችሁ ጉዳይ ነው» የሚል ፖሊስ ቢያጋጥማችሁ ይህን ቁጥር ንገሩት። ዛቻ አንቀጽ 580 ነው። ዛቻና ቀላል ድብደባ በግል አቤቱታ ስለሚከሰሱ 3 ወር ካለፋቸው አቤቱታው ይዘጋል። ሰው ለሽማግሌ ብሎ 4 ወር ይጠብቅና «ሕግ የለም» ይላል።

ዋናው ቀዳዳ ዋስትና ነው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ጉዳቱ ቀላል ከሆነ ዋስ ጠርቶ ይወጣል፣ ሲወጣም ማንም ለእሷ አይነግራትም። ከጣቢያ ወደ ቤት በባጃጅ 15 ደቂቃ ነው። ይህን የሚዘጋው ወሬ አይደለም፣ ወረቀት ነው፦ ከዚህ በፊት የዛተበትን ቀን፣ የተናገረውን ቃል በቃል፣ የሰማውን ሰው፣ መሣሪያ መኖሩን ለመርማሪው ቃል ስትሰጥ አብሮ እንዲጻፍ ማድረግ። ዳኛው ሌላ ወንጀል ይፈጽማል ወይም ምስክር ያባብላል ብሎ ካመነ ዋስትና መከልከል ይችላል። ግን መዝገቡ ላይ «ሚስቱን በጥፊ መታ» የሚል ብቻ ካለ ምን ብሎ ይከልክል? ቅሬው አንድ ሰው መድቦ በቀጠሮው ቀን ችሎት ቢያስቀምጥና ውጤቱን በዚያው ሰዓት በስልክ ቢነግራት፣ ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል።

መሣሪያው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝ አይቻልም። ስትጠቁሙ ግን ስማችሁን ለመርማሪው ብቻ ስጡ። ዝርዝሩ በአዋጅ 699/2003 ያለ የምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አለ፤ ለከባድ ወንጀል ነው፣ በተግባር የሚገኘውም በጥያቄ ነው፣ ካልጠየቃችሁ አይመጣም።

ፍቺ ስትጠይቅም ፍርድ ቤቱ ዋናው ጉዳይ ሳያልቅ ስለ መኖሪያው፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ቀለብ ጊዜያዊ ትእዛዝ እንዲሰጥ በማመልከቻው ላይ አብሮ ይጠየቅ። መጥሪያው የሚደርሰው ግን ለእሱ ነው! መጥሪያው በሚደርስበት ቀን እሷ እዚያ ቤት አትደር።

ምላሽ 3 | ባለ ሱቅ ሰኞ ገበያ
ይሄ ሁሉ ቤት ማፍረስ ነው። የወሎ ሰው በሽማግሌ፣ በአበጋር (በባህላዊ ደም አስታራቂ) ነው የኖረው። ፖሊስ የገባበት ትዳር ቆሞ አያውቅም።

ምላሽ 4 | ሀረጎ
ወንድሜ፣ ቅሬው የሚጠይቀው ትዳሩ እንዲቆም አይደለም። ሰው እንዲተርፍ ነው። ትዳሩን ለሌላ ክር አቆየው።

ምላሽ 5 | የአበጋር ወገን
ሰኞ ገበያ ያሉት ወንድማችን ግማሽ እውነት አላቸው። አበጋር ደም አድርቋል፣ መንደር ከመተላለቅ አትርፏል። አበጋር ግን የተሠራው ለሁለት ወገን ጠብ ነው፤ ገዳይም ሟችም ከኋላቸው ዘመድ አላቸው። ባልና ሚስት አንድ ቤት የሚያድሩ ናቸው። «ሁለታችሁም ጥፋተኛ ናችሁ፣ ይቅር ተባባሉ» ብሎ መመለስ፣ እሷን ያለ ዋስ ማስረከብ ነው።

ሽማግሌ ፈጽሞ አይግባ አልልም፤ ቢከለከልም ይገባል። ልክ ይኑረው። አንገቷ ተይዞ ከሆነ፣ በስለት ወይም በጥይት ከተዛተባት፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም ሆስፒታል የተኛች ከሆነ ሽማግሌው አያስታርቅ፤ ሥራው ለጊዜው መለየት ብቻ ይሁን። ሌላ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጦ «ምን አደረገሽ ተናገሪ» ማለት ይቅር፣ ለየብቻ ይሰሙ። ከሽማግሌዎቹ ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ፣ ከባልየው የጫት ጓደኛ አንድም አይኑር። መሣሪያው ከዚያ ቤት ይውጣ፣ ለፖሊስ ይሰጥ፤ ወንድሙ ቤት ማስቀመጥ ማውጣት አይባልም። ወደ ጣቢያ የሄደውን አቤቱታ አንሺ ብሎ ማስገደድማ ሽምግልና አይደለም። የምስክርን አፍ መዝጋት ነው።

በሸሪዓ የተጋቡትን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ከፍቺ በኋላ ዒዳዋን (እንደገና ከማግባቷ በፊት የምትጠብቀውን ጊዜ) ባሏ ቤት እንድትቆይ ይነገራታል። ሲስተር አደገኛ ያለችው ወቅት ደግሞ ያው ነው። ለሕይወቷ የምትሰጋ ሴት ዒዳዋን ሌላ ቦታ መቁጠር እንደምትችል ዓሊሞቻችን ያውቁታል። ቅሬው የሰፈሩን ኢማም አስቀድሞ ያነጋግር፤ ቀኑ ሲደርስ ፈትዋ ፍለጋ አይሮጥ። ሸሪዓ ፍርድ ቤትም ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ውርስ እንጂ ድብደባና ግድያ አያይም።

ምላሽ 6 | ኮምቦልቻ ፈረቃ
ስለ ቅሬ ብቻ ስታወሩ የፋብሪካ ልጆችን ረሳችኋቸው። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ከተከፈተ ወዲህ ከገጠር የመጡ ሴቶች ከፍቅረኛ ጋር ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ጋብቻ የለም፣ ዘመድ የለም፣ ቅሬ የለም፤ አከራይዋ ብቻ ናት ያለችው። ለእነሱ የሚሠራው ሌላ ነው።

ሲም ካርዷ በማን ስም ነው? በእሱ መታወቂያ የወጣ ከሆነ አንድ ጠዋት ቴሌ ሄዶ ምትክ ሲም ያወጣል፤ ቴሌብር ላይ ያለው ገንዘብ፣ የባንክ መልእክት ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል። ከመለያየቷ በፊት በራሷ ስም አዲስ ሲም ታውጣ፣ ባንኩንም ወደዚያ ታዛውር። አሮጌውን ግን ወዲያው አታጥፋ፤ ዛቻው የሚመጣው በእሱ ነው፣ ማስረጃ ነው።

ፈረቃ መለወጥ ላይ ሰው ኃይል ተባባሪ ከሆነ ብዙ ይረዳል። በር ላይ የሚጠብቃት የምትወጣበትን ሰዓት ስለሚያውቅ ነው። ለጥበቃዎች ስሙና ፎቶው ይሰጥ፣ «ባሏ ነኝ፣ ጥሩልኝ» ቢል እንዳይጠሯት። ሰርቪስ ካለ የምትወርድበት ፌርማታ ይቀየር። ጠብ የሚበዛው ደመወዝ በገባ ማግስት ስለሆነ፣ ያን ሰሞን አብራት የምታድር ጓደኛ ይኑራት።

የምትወጣበት ሻንጣ ደግሞ ቤት ውስጥ አይዘጋጅም። መታወቂያ፣ የልጆች የልደት ካርድና የትምህርት ቤት ካርድ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ኮፒ፣ መድኃኒት፣ ለሁለት ሳምንት የሚሆን ብር። እናቷ ቤትም አይቀመጥ፤ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ መውረድም መደበቅ አይደለም፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ሚኒባስ ላይ የሚያውቃት አይጠፋም። ማረፊያ ቤት በሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ወይም በሆስፒታሉ በኩል ይጠየቅ፣ ያለችበትንም ቅሬው እንኳ አይወቅ።

ምላሽ 7 | ሲስተር ሆጤ
ኮምቦልቻ ፈረቃ ያልከው ሁሉ ልክ ነው። አንድ ነገር፦ ተደፍራ ከሆነ የኤችአይቪ መከላከያው ከ72 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም፤ ቶሎ ሲጀመር ይሻላል፣ 28 ቀን ይወሰዳል። እርግዝና መከላከያው እስከ 5 ቀን። ሳትታጠብ ትምጣ። የፖሊስ ደብዳቤ በኋላ ይደርሳል፣ ሕክምናው ደብዳቤ አይጠብቅም።

ቁስል ፎቶ ስታነሱ በመጀመሪያው ቀን ብቻ አታቁሙ። በለዝ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ነው ጎልቶ የሚወጣው። ከጎኑ ማስመሪያ ወይም ሳንቲም አድርጉ፣ አንዱን ፎቶ ከሩቅ ፊቷ እንዲታይ፣ ሌላውን ከቅርብ። ጠይም ቆዳ ላይ በፍላሽ አይታይም፤ በረንዳ ላይ፣ በቀን ብርሃን።

ምላሽ 8 | የቅሬ ዳኛ ሮቢት
አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ጥያቄ። ጎረቤት ጩኸት ሲሰማ ምን ያድርግ? በር ሰብሮ ይግባ? ሁለተኛውን ክፍልም አትርሱብኝ፣ ከሞተች በኋላ ያለውን።

ምላሽ 9 | ዋና ሳጅን ጡረታ
ብቻውን በር ሰብሮ የሚገባ ሰው ሁለተኛ ሬሳ ይሆናል። ሦስት ሆናችሁ፣ ከውጭ ስሙን ጠርታችሁ፣ አንዱ ለጣቢያው ተረኛ እየደወለ። አምቡላንስ 907 ቀይ መስቀል ነው። ምክንያት ፈጥሮ ማንኳኳትም ይሠራል፤ «ቆጣሪያችሁ ይቃጠላል» ማለት ብቻ ብዙ እጅ ያስቆማል። ለሴቷ ደግሞ ቀድሞ የተስማማችሁበት ምልክት ይኑር፦ ልጇን «ወንፊት አውሱን» ብላ ከላከች ፖሊስ ጥሩ ማለት ነው። ጠብ ሲጀመር ወደ ማድ ቤት አትግባ፣ ቢላውም ዘነዘናውም ጋዙም ያለው እዚያ ነው፤ መውጫ በር ወዳለበት ትጠጋ። የተሰካ ቢላ አይነቀል፣ ዙሪያውን በጨርቅ ተጭናችሁ ውሰዷት።

ሞታ ከተገኘች የመጀመሪያው ሰዓት ነው መርማሪን የሚያስቸግረው። ቅሬው በደግነት ቤቱን ይጠርጋል፣ ደሙን ያጥባል፣ ምንጣፉን ያወጣል፤ ለቀስተኛ እንዳያይ ነው። ተዉት። በሩን ዝጉ፣ አንድ ሰው ያቁሙ፣ ማን እንደገባ በወረቀት ይጻፍ፤ ድንኳኑ ሌላ ግቢ ይተከል። ልብሷ በፌስታል አይታሰር፣ እርጥበት ይዞ ይበሰብሳል፤ በካኪ ወረቀት ከረጢት ነው፣ እሱንም ፖሊስ ያድርገው። ስልኳን አትክፈቱ፣ አታጥፉም።

«ራሷን ሰቀለች» ሲባል በተለይ ተጠንቀቁ። ሕይወት አላት ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ወዲያው አውርዱ፤ ሲወርድም ቋጠሮው አይፈታ፣ ገመዱ ከቋጠሮው ርቆ ይቆረጥ። መሞቷ ግልጽ ከሆነ ፖሊስ ሳይደርስ አትንኩ። ሐኪሙ የሚያየው የገመዱ ፈለግ ነው። የተሰቀለ ሰው ፈለግ ብዙ ጊዜ ወደ ቋጠሮው ሽቅብ ይወጣል፤ ሰው አንቆት የሞተ ፈለግ ግን አንገትን ዙሪያውን አግድም ይይዛል። ይህ ከከፈን ወይም ከግንዘት በፊት ካልታየ መቃብር ማስከፈት ነው፣ እሱ ደግሞ ለቤተሰቡ ሌላ ሞት ነው። የኛ ሰው ቀብር ይቸኩላል፣ ሙስሊሙም በዚያው ቀን። ስለዚህ ኢማሙንም የንስሐ አባቱንም ቀድማችሁ አነጋግሩ፦ ሳትታጠብ ለምርመራ ትሂድ፣ ከምርመራ በኋላ ታጥባ ትቀበራለች። ቀኑ በጣም ካልመሸ ብዙ ጊዜ አይዘገይም።

በበቀል በኩል፦ የሟች ወንድሞችና የገዳይ ወገን አንድ ቅሬ ውስጥ ከሆኑ የገዳይ ቤተሰብ ለቀስተኛ ሆኖ አይምጣ። በአበጋር በኩል «ዛሬ አትምጡ» ይባል፣ ለቅሶውን ሌላ ቤት ይቀመጥ።

ምላሽ 10 | ጠበቃ ከአራዳ
ሁለተኛው ክፍል። ወረቀቱ ቅደም ተከተል አለው፣ አንዱ ካልወጣ ሌላው አይወጣም።

ሞት በ30 ቀን ውስጥ በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ (አዋጅ 760/2004)። ያ የምስክር ወረቀት ሲኖር ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይሰጣል፣ በወራሽነቱ ባንኩ፣ ቤቱ፣ ጡረታው ይንቀሳቀሳል። የፋብሪካ ሠራተኛ ከነበረች ለጡረታ ከደመወዟ 7 በመቶ፣ ከአሠሪዋ 11 በመቶ ሲከፈል ቆይቷል፤ ልጆቹ የተተኪ መብት (ከሟች ጡረታ ለቤተሰብ የሚከፈል) ይኖራቸው እንደሆነ የአገልግሎት ዘመኗን ይዛችሁ ጠይቁ። እህት ወንድሞቿ ተቀጣሪ ከሆኑ በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ 3 የሥራ ቀን ከክፍያ ጋር የሐዘን ፈቃድ አላቸው።

አሁን ሰው የማያውቀው። አስቦ የገደላት ባል ከተፈረደበት እሷን መውረስ አይችልም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 838 ነው። ልጆቿ ግን ይወርሳሉ፣ የገዳይ ልጅ ስለሆኑ የሚቀርባቸው የለም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፦ የጋራ ንብረቱ ግማሽ ከመጀመሪያውም የራሱ ስለሆነ ገድሎም ግማሹ የእሱ ነው። እስር ቤት ሆኖ በውክልና ይሸጠዋል። ስለዚህ የወራሽነቱን አትጠብቁ፤ ቤቱና መኪናው ላይ እግድ ጠይቁ፣ የእግዱን ግልባጭ ከተማ ልማትና ባንክ በእጃችሁ አድርሱ። ፖስታ አትመኑ።

ከዚያ የጉዳት ካሣ። ከውል ውጭ ኃላፊነት በመሠረቱ በ2 ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ ወንጀሉ ረዘም ያለ ይርጋ ካለው እሱ ይከተላል፣ ግን 2 ዓመቱን እንደ ገደብ ቁጠሩ። ለልጆቹ የምትጠይቁት ያጡትን ቀለብ ነው፣ ደመወዟን፣ ወይም ጉሊት ከነበራት የቀን ገቢዋን በሰው አስረድታችሁ። «የሞራል ካሣ» የሚባለው በ1952ቱ ሕግ ጣሪያው 1000 ብር ነው። ዛሬም 1000 ብር ነው። እሱ ላይ ጊዜ አታጥፉ።

አሳዳሪነት፦ እናት ስትሞት ልጅ በሕግ በኩል ለአባት ይቀራል፣ አባቱ ገዳዩ ቢሆንም ፍርድ ቤት እስኪያነሳው ድረስ። የእሱ እናት ልጆቹን ይዛ ብትሄድ ወረቀቱ ለእሷ ያደላል። በመጀመሪያው ሳምንት አያት ወይም አክስት ጊዜያዊ አሳዳሪና ሞግዚት እንዲሆኑ ለፍርድ ቤት ያመልክቱ። በወንጀል ችሎቱ ደግሞ ዐቃቤ ሕጉ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 123 መሠረት የወላጅነት ሥልጣኑ እንዲነሳ አብሮ እንዲጠይቅ አስታውሱት፤ ይረሳል።

ቅጣቱ አንቀጹን ይከተላል። 539 ከባድ ግድያ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት፣ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት፣ 541 ደግሞ እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት። ተከላካዩ «ቀንቶ፣ ተቆጥቶ ነው» ብሎ ወደ 541 ይጎትተዋል። የሚመልሰው ቀድሞ የተመዘገበ ዛቻ ነው። በምላሽ 2 ያልኩት ወረቀት እዚህም ያገለግላል።

ምላሽ 11 | ማኅበራዊ ሠራተኛ ቢለን
ጠበቃው ስለ ወረቀቱ ነገረን፣ እኔ ስለ ልጆቹ። እኛ አካባቢ አንድ የተለመደ ነገር አለ፦ «እናታችሁ አረብ አገር ሄዳለች» ይባላሉ። የብዙ ጎረቤት እናት በእውነት ስለሄደች ልጁ ያምናል። ከዚያ የሌሎቹ እናቶች ሲደውሉ የእሱ አትደውልም፣ ሳጥን ሲመጣ ለእሱ አይመጣም። ጥላኝ ሄደች ብሎ ያድጋል፣ እውነቱንም ክፍል ውስጥ ከሌላ ልጅ አፍ ይሰማዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት፣ በሚያምነው ሰው፣ በአጭሩ ይነገረው፦ «እናትህ ሞታለች። አባትህ ጎዳት፣ ከዚያ ሞተች። አንተ ያደረግኸው ነገር የለም።» ማን እንደሚያሳድገው፣ ነገ የት እንደሚያድር ወዲያው ይከተል። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሞት የማይመለስ መሆኑ አይገባውም፣ ነገም ይጠይቃል፤ ያንኑ መልስ መልሱለት። «ተኝታለች» ብትሉት መተኛት ይፈራል።

ልጆቹን አትበታትኑ። አንዱን አክስት፣ አንዱን አያት መውሰድ ለዘመድ ሸክም ያቀልላል፣ ለልጆቹ ግን ሌላ ስብራት ነው። ልጁ አይቶ ከሆነ ለቀስተኛ ሁሉ «እንዴት ሆነ?» እያለ አያስተርከው፤ ለመርማሪው አንድ ጊዜ፣ ሴት መርማሪ ባለችበት፣ የሚያምነው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ። ፍርድ ቤት ሲጠራ ከአባቱ ፊት ለፊት እንዳይቆም በጽሑፍ ጠይቁ። እስር ቤት ሄዶ አባቱን መሳም ግዴታው አይደለም፤ ልሂድ ካለም አትከልክሉት፣ ማን ይዞት እንደሚሄድ ግን የገዳይ ወገን አይወስን።

አልጋ ማራስ፣ ድርጊቱን በጨዋታ መድገም፣ ዝም ማለት፣ ክፍል ውስጥ መደንበር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይጠበቃል። ከአንድ ወር ካለፈ ወይም «እኔም ልሙት» ካለ ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይሂድ። ለአሳዳጊዋ አያትም ያው ነው፤ ልጇን ቀብራ በማግስቱ ዳይፐር የምትቀይር ሴት ናት፣ አብሽሪ ብቻ አይበቃትም። ቅሬው በዝርዝር ይርዳት፦ በሳምንት ሁለት ቀን እንጀራ፣ አንድ ሰው ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ አንድ ሰው ቀጠሮ የሚከታተል። ይህም ከአርባ በኋላ ይቀጥል፣ ሰው ሁሉ የሚጠፋው ያኔ ነው። የጤና መድህኑ ካርድ በአባቱ ስም ከሆነ ልጆቹን ወደ አያታቸው ካርድ አዛውሩ። ደሴ ከመጀመሪያዎቹ 11 የከተማ ሴፍቲኔት (ለድሃ ቤተሰብ የመንግሥት ድጋፍ) ከተሞች አንዷ ናት፣ የቀጥታ ድጋፍ ምልመላ ሲኖር ስማቸው በቀበሌ ይግባ።

ምላሽ 12 | የአበጋር ወገን
ስለ ጉማው (ስለ ደም ካሣው) ልናገር። እርቅ ሲደረግ ገንዘቡ ለሟች ወንድሞችና ለአባቷ ይሰጥና ልጆቹ ይንገላታሉ። ደንባችሁ ላይ ይጻፍ፦ ጉማ ለልጆቹ በስማቸው ዝግ ሒሳብ ይገባል፣ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ አይወጣም። እርቁም የመንግሥትን ክስ አያቆምም። ከዓመታት በኋላ «ለይቅርታ የሚሆን የእርቅ ወረቀት ፈርሙልን» ብለው ሽማግሌ ይዘው ይመጣሉ፤ በልጆቹ ስም አጎት ተነስቶ እንዳይፈርም።

ምላሽ 13 | የቅሬ ዳኛ ሮቢት
ለወርሃዊው ስብሰባ ይህን አረቀቅሁ፣ ግድፈት ካለው አርሙኝ። አባልነት ከዛሬ ጀምሮ በባልና በሚስት ስም ይመዘገባል። ሞት በሌላኛው አባል የተፈጸመ እንደሆነ የቅሬው ገንዘብ ለተጠርጣሪው ወይም ለወኪሉ አይከፈልም፤ ለቀብር ወጪው ተቀንሶ ቀሪው ለልጆቹ ይቀመጣል። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ተጠሪ ይመረጣሉ፣ የሰሙትን ለጠቅላላ ጉባኤ አያወሩም። አንገት፣ መሣሪያ፣ የግድያ ዛቻ፣ ነፍሰ ጡርነት ካለ ሽምግልና አይኖርም። ደም ያለበት ቤት ያለ ፖሊስ ፈቃድ አይጠረግም። ድጋፉ ለ12 ወር ይቀጥላል።

ምላሽ 14 | ጠበቃ ከአራዳ
ጥሩ ነው። «ተጠርጣሪ» ባሉት ላይ «ነጻ ከተባለ ገንዘቡ ይመለስለታል» የሚል ይጨመር፣ አለዚያ ይከሳችኋል፣ ይረታችኋልም። ለእያንዳንዱ ነባር አባል አዲስ ቅጽ አስሞሉ፤ አሮጌው መዝገብ ላይ የባል ስም ብቻ ስላለ አዲሱ ደንብ ወደ ኋላ አይሠራም።

ምላሽ 15 | ዋና ሳጅን ጡረታ
የጣቢያውን ተረኛ ስልክ ደንቡ ላይ አትጻፉት፣ ቁጥሩ ይቀየራል። በተጠሪዎቹ ስልክ ላይ ይያዝ፣ በየ3 ወሩ በሌሊት ደውላችሁ የሚያነሳ ሰው መኖሩን አረጋግጡ።